ጥምጥምና ጉትራ

በደማምና በኮባር የሚኖሩ ወገኖቻችን የአገሩ ወንዶች በራሳቸው ላይ የሚያደርጉትን ልብስ ሁሉ በአንድ ስም «ጥምጥም» ብለው ሲጠሩት ይሰማል። ነገሩ የቃል ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማለፍ በተቻለ ነበር። ነገር ግን በዚያ አገር ራሱን የጠመጠመ ሰውና ራሱን የሸፈነ ሰው በማዕርግ ይለያያሉና፥ ስሙን ያደባለቀ ሰው ባለቤቶቹንም ማደባለቁ አይቀርም። ስለዚህ አስቀድመን ቃሉን፥ ቀጥለንም ሥራውን እንመርምር።

«ጠመጠመ» ፊደላቸው ከሚደጋገም ግሦች ወገን ነው። ቀጠቀጠ፥ ነቀነቀ፥ ነሰነሰ እንደሚባለው ሁሉ፥ ሁለቱ ፊደላት ተመልሰው የሚመጡት ሥራው ተመላልሶ የሚሠራ ስለ ሆነ ነው። አንድ ጊዜ የመታ ቀጠቀጠ አይባልም፤ ጨርቁን አንድ ጊዜ በራሱ ላይ ጣል ያደረገም ጠመጠመ አይባልም። ሐረግ በዛፍ፥ እባብ በበትር ላይ ይጠመጠማል። (ሕፃን በእናቱ አንገት ተጠመጠመ ሲባል ክንዱ የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ነገር ግን አጥብቆ መያዙ የዙሩን ብዛት ተክቶለታል።) በ1954 ዓ.ም. የታተመው የዐማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 የአሮንን የራስ ልብስ «መጠምጠሚያ» ያለው በዚሁ ሥርዐት ነው።

በእኛ ዘንድ የካህን ጥምጥም አሠራሩ እንዲህ ነው። ነጩ ስስ ጨርቅ በርዝመቱ ተሸብሽቦ ይያዛል፤ ጫፉ በማጅራት በኩል ይጀመርና ከግንባር ወደ ኋላ ይዞራል፤ እያንዳንዱም ዙር ያለፈውን ዙር በከፊል እየሸፈነ ይወጣል፤ የመጨረሻው ጫፍ ወደ ውስጥ ይወተፋል። እጅግ የጠበቀ እንደ ሆነ ራስ ያሳምማል፤ የላላም እንደ ሆነ በዝማሜ ጊዜ ይፈታል። ተጠምጥሞ የተሰፋ፥ እንደ ቆብ የሚደፋ ጥምጥም በአሁኑ ዘመን በገበያ ይገኛል፤ ለሚቸኵል ሰው ይመቻል፥ ነገር ግን ጠምጥሞ የማያውቅ ጠምጣሚ ያበዛል። የመነኵሴ ቆብ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ይደፋል እንጂ አይጠመጠምም። ጨርቁን «ሻሽ» ማለታችንም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ሻሽ ስስ ጨርቅ ነውና።

ደማምና ኮባር በሳዑዲ ዐረብያ ምሥራቅ፥ በባሕረ ሰላጤው ዳር ያሉ ከተሞች ናቸው። በ1930 ዓ.ም. በአጠገባቸው በዘህራን ሰባተኛው የነዳጅ ጕድጓድ በብዛት ካፈለቀ ወዲህ ሰፉ። በዚያ ያሉ ወንዶች በብዛት የሚለብሱት ነጩን ጉትራ ወይም ቀይና ነጭ የሆነውን ሽማግ ነው። ሁለቱም አራት ማዕዘን ናቸው። ጨርቁ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ታጥፎ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ጣቂያ በሚባል ትንሽ ቆብ ላይ ይነጠፋል፤ ታጥፎ የወጣው ረጅም ጠርዝ በግንባር ላይ ይውላል፤ ሁለቱ ጫፎች በትከሻ፥ ሦስተኛው በጀርባ ይወርዳሉ። በግንባር መካከል የሚቆመው እጥፋት መርዛም ይባላል፤ ትርጓሜውም የጣራ አሸንዳ ማለት ነው። ጐልማሶች ጫፎቹን ወደ ላይ መልሰው «ኮብራ» የሚሉትን ያወጣሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጨርቁ በራስ ዙሪያ አንድም ጊዜ አይዞርም። የሚዞረው በላዩ የሚውለው ጥቁር ገመድ ዒቃል ነው፤ እርሱም እጥፍ ሆኖ ይደፋል።

ዒቃል የግመልን እግር ማሰሪያ ገመድም ስም ነው፤ ሥሩም ማሰርን ያመለክታል። ከዚሁ ሥር ዐረቦች ልቡናን «ዐቅል» ይላሉ፥ ልቡና ሰውን ከክፉ አስሮ ይይዛልና። እኛም ሰውየው «ዐቅሉን ሳተ» ስንል የዚህኑ ገመድ ወንድም መጥራታችን ነው። ዒቃልን ትተው ጉትራን ብቻ የሚያደርጉ አሉ፤ ይህም በዚያ አገር አጥባቂ የሃይማኖት ሰዎች ከሚታወቁባቸው ምልክቶች አንዱ ነው።

በእነዚህ ከተሞች በየቤቱ የሚሠሩ እኅቶቻችን ነገሩን ከመጽሐፍ ይልቅ በእጃቸው ያውቁታል። መርዛሙ እንዲቆም ነጩ ጉትራ በአሚዶ ይነከራል፤ እነርሱ «ነሻ» ይሉታል። ጥቂት ርጥበት ሳለበት ከማዕዘን ማዕዘን ተለክቶ ይተኰሳል። እጥፋቱ በጣት ስፋት የተዛነፈ እንደ ሆነ በግንባር ላይ ይታያል፤ ሥራውም እንደ ገና ይጀመራል።

እውነተኛው ጥምጥም በዐረብኛ ዒማማ ይባላል። በምሥራቁ ክፍል በቀጢፍና በአሕሳ የሺዓ መምህራን ይጠመጥሙታል፤ ከነቢያቸው ዘር ነን የሚሉት ሰይዶች ጥቁር፥ ሌሎቹ ነጭ ያደርጋሉ። እንግዲህ የተማረው በዒማማ ሲታወቅ ጉትራ የነጋዴውም የሾፌሩም የተማሪውም ልብስ ስለ ሆነ፥ ጉትራ የለበሰውን ሁሉ የሃይማኖት መምህር አድርጎ መቍጠር አይገባም። ጥምጥም ሁሉ ግን የመምህር ነው ማለትም አይደለም። ለሥራ የመጣው ሱዳናዊ ብዙ ክንድ የሚረዝም ነጭ ዒማውን ጠምጥሞ በገበያ ይታያል፤ በአገሩ የተራው ሰው ክብር ነውና። የዑማን ሰው ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ «መሰር» የሚለው ጨርቅ እንደ ጉትራ አራት ማዕዘን ነው፥ ነገር ግን አጥፎ በራሱ ዙሪያ ያዞረዋል። ጨርቁ ጉትራን ቢመስልም ይዞራልና፥ በዐማርኛ ስሙ ጥምጥም ነው።