የአምፖል ሽቦና የምጣድ ሽቦ፦ ስለ ቤት ኤሌክትሪክ ገመድ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ወገዳ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ባሕር ዛፉ ውፍረት፣ ስለ ቆርቆሮው ጌጅና ስለ ሚስማሩ ቁጥር አጥርቶ ይናገራል። ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦው ሲጠየቅ ግን «ደህና ነው አሉኝ» ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆርቆሮ ካፈሰሰ ይታያል፣ ማገር ከላላ ይንገዳገዳል፤ ሽቦ ግን ከኮርኒስ በላይና ከልስን በታች ተሸሽጎ ይኖራል። የሚገዛውም መጨረሻ ላይ፣ ለቤቱ የተያዘው ገንዘብ ተሟጥጦ ብድር ሲጀመር ነው። ስለዚህ ምርጫው ለወሬ ይተዋል። ወሬውም ከስማዳ እስከ ጋይንትና እስቴ፣ ከደብረ ታቦር እስከ መርካቶ ያው አንድ ዓይነት ነው።

«አምፖሉ በርቷል፤ እንግዲህ ሽቦው ደህና ነው።»

አምፖል የሽቦ መፈተኛ አይደለም። ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በ220 ቮልት የሚስበው 0.27 አምፒር ብቻ ነው፤ የዛሬው ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ደግሞ 0.04 አምፒር። ይህን ያህል የማይሸከም ሽቦ ሱቅ ውስጥ የለም። የቤቱ እውነተኛ ፈተና ምጣዱ ነው። የእንጀራ ምጣድ በአብዛኛው ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ ይህም ከ16 እስከ 18 አምፒር፣ ማለትም የአንዱን አምፖል 60 እጥፍ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፒሩ ጋር እኩል እየሄደ አይጨምርም፤ አምፒሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህ ስህተት ሥር የሰደደው በአንድ ወቅት ምንም ጉዳት ስላልነበረው ነው። መብራት ወደ ትናንሽ ከተሞች ሲገባ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው አንድ ሁለት አምፖልና ሬዲዮ ነበር። ቤቱን በሙሉ 1.5 በሚባለው ሽቦ መዘርጋት ያን ጊዜ በቂ ነበር። ምጣዱ፣ ምድጃውና የውሃ ማፍያው ኋላ መጥተው በዚያው ሽቦ ላይ ተንጠለጠሉ፤ ልማዱ ግን አልተለወጠም። ዛሬ የሚሠራው አመዳደብ የታወቀ ነው፦ ለአምፖል 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ ደግሞ ከብሬከር ሳጥኑ ተነስቶ መሐል ላይ ሳይቀጠል የሚደርስ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ 4፣ ኩሽናው ራቅ ካለ 6። ቁጥሮቹ የሽቦውን ብረት ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር የሚናገሩ ናቸው።

«ይሄኛው ወፍራም ነው፤ ጠንካራ ነው።»

እጅ የሚዳስሰው ላስቲኩን ነው። ኮረንቲ የሚሸከመው ደግሞ ውስጡ ያለው ብረት ነው። ወፍራም ላስቲክ የለበሰ ቀጭን ሽቦ ማምረት ቀላልና ርካሽ ስለሆነ፣ ላዩ ላይ 2.5 ተጽፎበት ውስጡ 2 እንኳ የማይሞላ ጥቅል ገበያ ላይ ይገኛል። ገዢው በጣቶቹ ጨብጦ «ይሄ ነው» ሲል ያመነው ፕላስቲኩን ነው።

መለኪያው ከባድ አይደለም፤ እርሳስና የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ከነጠላው ሽቦ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተልጦ እርሳስ ላይ 10 ጊዜ፣ ክፍተት ሳይተው ጥብቅ ተደርጎ ይጠመጠማል። ከዚያ የጥምጥሙ ርዝመት ይለካል። ትክክለኛ 1.5 ከሆነ ወደ 14 ሚሊ ሜትር፣ 2.5 ከሆነ ወደ 18፣ 4 ከሆነ ወደ 22.5 ይሆናል። «2.5 ነው» የተባለው ጥምጥም 16 ላይ ከቆመ፣ በእጅ ያለው ሽቦ 2 ነው። ሙሉ ጥቅል ከመግዛት በፊት አንድ ሜትር ቆርጦ ለመሸጥ የማይፈቅድ ነጋዴ ካለ፣ አጠገቡ ሌላ ሱቅ አለ።

«ቀይ ከሆነ መዳብ ነው።»

ከሁሉም የከፋው፣ ገንዘብም ቤትም የሚያስበላው ይህ ነው። ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ ስስ መዳብ የተቀባ ሽቦ አለ። ቀለሙም ማብረቅረቁም የመዳብ ነው። ባለሱቁ ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ እሱም በተነገረው አምኖ ነው ያመጣው። ዋጋው ቀነስ ስለሚል «ቅናሽ አገኘሁ» ብሎ ይደሰታል፣ ገዢውም ይደሰታል።

አንዳንዱ ጠንቃቃ ሰው ማግኔት ይዞ ገበያ ይወጣል። ማግኔቱ ካልያዘው «ንጹሕ መዳብ ነው» ይላል። ማግኔት የሚለየው ግን ብረት የገባበትን ሽቦ ብቻ ነው። አሉሚኒየምን እንደ መዳቡ ሁሉ አይስበውም፤ ስለዚህ በዚህ ፈተና አሉሚኒየሙ ሁልጊዜ ያልፋል። እውነቱን የሚያወጣው ቢላ ነው። ሽቦው ላይ ላዩን ሲፋቅ ውስጡም ያው ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ነጭ ብር መሳይ ነገር ብቅ ካለ አሉሚኒየም ነው። ክብደትም ይመሰክራል። በ100 ሜትር ባለ 2.5 ሽቦ ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን፣ ላስቲኩ ሳይቆጠር፣ 2.2 ኪሎ ይመዝናል። በዚያው ስፋት አሉሚኒየም ቢሆን ግን 700 ግራም አይሞላም። ሙሉ ጥቅል ሚዛን ላይ ተቀምጦ ከ2 ኪሎ በታች ካሳየ፣ ወይ ውስጡ መዳብ አይደለም፣ ወይ ስፋቱ አልሞላም፣ ወይ ርዝመቱ 100 ሜትር አይደርስም።

አሉሚኒየም ኮረንቲ የሚያሳልፈው የመዳብን 60 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ መዳብ መስሎ በመዳብ ልክ የተገዛው ሽቦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አቅሙ ያነሰ ነው። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ግን ሶኬትና ብሬከር ላይ፣ ብሎን በሚጠብቅበት ቦታ ነው። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ኮረንቲ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያወጣል። ሲግል ከመዳብ የበለጠ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ምጣዱ በበራና በጠፋ ቁጥር ብሎኑ ሥር ያለው ሽቦ ትንሽ በትንሽ ይላላል። የላላ ቦታ ይግላል፣ የጋለው የባሰ ይላላል። ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። የቤቱ ሰው «ሶኬቱ ሃሰተኛ ነው» ብሎ ሶኬት ይቀይራል፤ አዲሱም ከጥቂት ወራት በኋላ ይጠቁራል።

እዚህ ላይ የሚነሳ መከራከሪያ አለ፦ «መብራት ኃይል ራሱ በአሉሚኒየም ነው መስመር የሚዘረጋው።» ይህ እውነት ነው፣ ስህተቱም ዕድሜ ያገኘው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ምሰሶ ላይ ያለው አሉሚኒየም ለራሱ ባሕርይ ተሰልቶ ወፈር ተደርጎ የተመረጠ ነው፤ የሚገናኘው ለአሉሚኒየም በተሠራ ማያያዣ ነው፤ ነፋስም ያቀዘቅዘዋል። ቤት ውስጥ የገባው ግን በመዳብ ልክ ተመርጦ፣ ለመዳብ በተሠራ ሶኬት ላይ ታስሮ፣ አየር በሌለበት ግድግዳ ውስጥ ተቀብሯል።

«ሽቦ እስካልተቆረጠ ድረስ ርቀት ለውጥ የለውም።»

ከቆጣሪው እስከ ጓሮው ኩሽና፣ ወይም ከጎረቤት ቆጣሪ እስከ ራስ ቤት በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ሽቦ መሳብ በየከተማው የተለመደ ነው። 80 ሜትር ቢሆንም «ያው ይደርሳል» ይባላል። ይደርሳል፤ ግን ሳስቶ ነው። በ80 ሜትር ባለ 1.5 መዳብ ጫፍ ላይ ባለ 4,000 ዋት ምጣድ ቢሰካ፣ ምጣዱ የሚያገኘው 220 ሳይሆን 190 ቮልት ገደማ ነው። ኃይሉም ወደ 3,000 ዋት ይወርዳል። 475 ዋት ያህል ደግሞ ሽቦውን ሲያሞቅ ይውላል፤ ቆጣሪው ግን እሱንም ይቆጥራል። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል፣ ምጣዱ አልግል ሲል የሚወቀሰው መብራት ኃይል ነው። በዚያው ርቀት 6 ቢሳብ ግን ምጣዱ 211 ቮልት ያገኛል፣ ኃይሉም ወደ 3,700 ዋት ይጠጋል።

ይህ አስተሳሰብ የማይለቀው ቴስተር ስለሚደግፈው ነው። ምጣዱ ሳይሰካ ሶኬቱ ሲለካ 220 ያሳያል፤ ባለሙያውም «ሙሉ ነው» ብሎ ይሄዳል። ኮረንቲ በማይሄድበት ሽቦ ላይ የሚጠፋ ቮልት የለም። መለካት ያለበት ምጣዱ በርቶ እያለ፣ አንዴ ቆጣሪው ጋ፣ አንዴ ምጣዱ ጋ ነው። ቆጣሪው ጋ 190 ካሳየ ወቀሳው ለመስመሩ ይገባዋል። ቆጣሪው ጋ 218፣ ምጣዱ ጋ 190 ካሳየ ግን ችግሩ የተገዛው ሽቦ ነው።

«ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረ፤ ተለቅ ያለ ይግባ።»

ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ልኩ የሚመረጠውም በሽቦው ነው። ለ1.5 ባለ 10 አምፒር፣ ለ2.5 ባለ 16፣ ለ4 ባለ 20 ወይም 25፣ ለ6 ባለ 32። 18 አምፒር የሚወስድ ምጣድ በባለ 16 ብሬከር ላይ ሲሰካ፣ ቆይቶ የሚወድቀው ብሬከሩ ሥራውን ስለሚያውቅ ነው። ሽቦው 2.5 እንደሆነ ቀርቶ ብሬከሩ ባለ 32 ሲደረግ ጸጥ ይላል። ጸጥ ማለቱ ደግሞ መፍትሔ ይመስላል፤ ስህተቱን የሚያኖረውም ይህ ጸጥታ ነው። ከዚያ በኋላ ምጣድና ምድጃ አብረው ሲበሩ ብሬከሩ አይወድቅም፣ ላስቲኩ ግን ይቀልጣል። ተራው የቤት ሽቦ ላስቲክ የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲችል ነው። ፊውዝ ሲቃጠል የሽቦ ክር ጠምዝዞ ማስገባትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

«ባለ ብዙ ክሩ ከነጠላው ይበልጣል» የሚለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ስፋታቸው እኩል ከሆነ የሚሸከሙት እኩል ነው። ለግድግዳ ነጠላው ይመቻል፣ ለሚንቀሳቀስ ዕቃ ባለ ክሩ። ባለ ክሩ ብሎን ሥር ሲገባ ክሮቹ እንዳይበተኑ ጫፉ ላይ ማሰሪያ ያስፈልገዋል።

«የጭቃ ቤት አይቃጠልም።»

ጭቃው አይቃጠልም። ማገሩ፣ ጭዱና ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋው ኮርኒስ ግን ይቃጠላሉ። ሽቦው የሚያልፈው በእነሱ መካከል ነው፣ በሚስማር ተመትቶ፣ ሁለት ጫፍ ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ አይጥ በሚመላለስበት ጣሪያ ሥር። ናስትሮው በሙቀት ሲደርቅ ይላቀቃል። ሽቦ ሲገዛ የፕላስቲክ ቱቦውና የመገናኛ ሳጥኑ አብረው ቢገዙ፣ ቅጥያዎቹ ሳጥን ውስጥ ይሆናሉ፤ አይጥም አይደርስባቸውም፤ ሽቦ መለወጥ ሲያስፈልግም ልስን ሳይፈርስ ስቦ ማውጣት ይቻላል።

«ኤርዝ የፎቅ ቤት ነገር ነው።»

ኤርዝ፣ ማለትም ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው መሬቱ እርጥብ የሆነ፣ እናቶች ባዶ እግራቸውን ቆመው የሚጋግሩበት ኩሽና ነው። የምጣዱ ሸክላ ሲሰነጠቅ ሊጥና እርጥበት እስከ ማሞቂያው ሽቦ ይወርዳል፤ ኮረንቲውም ወደ ቆርቆሮው አካል ይወጣል። «ትንሽ ይነዝራል፤ ለምደነዋል» ይባላል። ሰውን ለመግደል 0.03 አምፒርን በጥቂቱ ያለፈ ኮረንቲ በልብ በኩል ማለፉ ሊበቃ ይችላል፤ ባለ 20 አምፒሩ ብሬከር ይህን ጨርሶ አያየውም። አለማየቱ ነው «እስካሁን ምን ሆንን?» የሚያሰኘው።

ስለዚህ ለምጣድ የሚገዛው ሁለት ሽቦ ሳይሆን ሦስት ነው። ኩሽናው 20 ሜትር ከራቀ 60 ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል፦ 20 ለፌዝ፣ 20 ሰማያዊ ለኒውትራል፣ 20 አረንጓዴና ቢጫ ለኤርዝ፣ ሦስቱም እኩል ስፋት። የኤርዙ ጫፍ የምጣዱ ቆርቆሮ ላይ በብሎን ይታሰራል፤ ከኒውትራል ጋር ምጣዱ ጋ አይጠመዘዝም። ሌላው ጫፉ የሚታሰርበት፣ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ዘንግ በበጋ ከሚደርቀው አፈር በታች መድረስ አለበት፤ ላይ ላዩን ከተተከለ በክረምት ይሠራል፣ መጋቢት ላይ ግን የለም ማለት ነው። ከሱ ጋር በ0.03 አምፒር የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ይገጠማል። ይህ ብሬከር ፊቱ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ሲጫን ወዲያው ካልቆረጠ መለወጥ አለበት።