ከቆላው ግራር እስከ ፕሪባዮቲክ ዱቄት

የመተማዋ ሸሕዲ ስትነሳ ሰሊጡ፣ ማሽላው፣ እጣኑ ይወራል፤ የግራር ሙጫን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ መደብሮች ደግሞ የግራር ሙጫ ነጭ ዱቄት ሆኖ፣ «ፕሪባዮቲክ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ይሸጣል።

ፕሮባዮቲክ በበቂ መጠን ሲወሰድ ጤናን የሚጠቅም ሕያው ተሕዋስ ነው፤ ፕሪባዮቲክ ደግሞ በአንጀት ለሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ቀለብ ነው። የማሽላ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ባክቴሪያው ቢበዛም ምጣዱ ይገድለዋል፤ ስለዚህ እንጀራን ፕሮባዮቲክ ማለት አይቻልም። እርጎ ውስጥ ሕያዋን አሉ፤ ግን የየቤቱ እርጎ ይለያያል፣ የትኛው ዝርያ ምን እንደሚጠቅምም አልተለየም። ስያሜውን ለመስጠት እኔ አልቸኩልም።

ሙጫው ሌላ ጉዳይ ነው። ዝናቡ ካለፈ በኋላ የግራሩ ቅርፊት ሲቆረጥ ከቁስሉ ወጥቶ የሚደርቀው ነገር፣ ቅርንጫፉ የበዛ የስኳር ሰንሰለት ነው። የእኛ ኢንዛይሞች ሊበጥሱት ስለማይችሉ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ቢፊዶባክቴሪያና ሌሎች ባክቴሪያዎች ቀስ እያሉ ያብላሉታል፤ በመብላላቱ ከሚወጡት አሲዶች አንዱ የሆነው ቡቲሬት የአንጀቱን ግድግዳ ሕዋሳት ይመግባል። ቀስ ብሎ ስለሚብላላ ሆድ የመንፋት ችግሩ ኢኑሊን ከተባለው ሌላ ፕሪባዮቲክ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ጤነኛ ሰዎች በቀን 10 ግራም ለ4 ሳምንት ሲወስዱ ቢፊዶባክቴሪያቸው ጨምሯል። ለስላሳ ውስጥ ጣዕም ሰጪው ዘይት እንዳይለያይ የሚጨመረው ሙጫ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ለስላሳ ጠጥቶ አንጀትን ማከም አይቻልም።

ገበያውን ያሰፋው ሕግም ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ሙጫው እንደ ፋይበር እንዲቆጠር ፈቀደ። ዋነኛዋ አቅራቢ ሱዳን ናት፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ማዕቀብ ስትጥልባት እንኳ ሙጫውን ሳትነካ አልፋለች። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ያለው ጦርነት ግን ንግዱን አናውጦታል። ጥሬውን ገዝተው አጣርተውና አድርቀው ብዙ ትርፍ የሚያገኙት እንደ ኔክሲራ ያሉ የፈረንሳይ ኩባንያዎች ናቸው።

ከድንበሩ ማዶ በሱዳኗ ገላባት ያለው ነጋዴ ሙጫውን «ሀሻብ» እና «ጠልሕ» ብሎ ይለያል፤ አካሲያ ሴኔጋል እና አካሲያ ሴያል መሆናቸው ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃም የሚቀበለው እነዚህን ሁለቱን ነው። በመተማ ቆላ ግን አካሲያ ፖሊያካንታም ሙጫ ይሰጣል፤ ይህ ሙጫ ከሁለቱ ጋር በአንድ ጆንያ ሲገባ ለፕሪባዮቲክ ገበያ የታሰበው ጭነት ከደረጃው ውጭ ይሆናል። ለቃሚው ገና ከዛፉ ሥር ለይቶ ቢያስቀምጥ ወጪው ከላቦራቶሪ ምርመራ ያነሰ ነው።