የላስታ የእግር ፍኖት

(የበቅሎ ኮቴ በዐለት ላይ፤ ከሩቅ የደወል ድምፅ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው አሮጌው የእግር መንገድ፣ የመጨረሻዎቹን ቤቶች አጥር እንዳለፈ ወዲያው አቀበት ይሆንና፣ የገብሱን እርከን እየሰነጠቀ፣ በገደሉ ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ፣ በመጨረሻም በዐለት መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ሾልኮ ከደብሩ ደጅ እስኪደርስ ድረስ፣ ለሰውና ለበቅሎ ብቻ የተተወ ፍኖት ሆኖ ይዘልቃል። ድንጋዩ ከእግር ብዛት የተነሣ ልሙጥ ሆኗል። በአንዳንድ ስፍራ የበቅሎዋ ኮቴ የሚያርፍበት ጎድጓዳ በግልጽ ስለሚታይ፣ ከኋላ የምትመጣውም በቅሎ ማንም ሳይነግራት እግሯን እዚያው ላይ ታሳርፋለች። ዳገቱን ስትወጣ ተቀማጩ ወደ ፊት ያዘነብላል። ቁልቁለቱ ሲመጣ ግን ነጂው ልጓሙን ያዝ ያደርግና፣ «ጋሼ፣ እዚች ላይ ይውረዱላት፤ ነፍስ አላት እኮ» ይላል፤ እንግዳውም እርካቡን ለቅቆ በእግሩ ይከተላል።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ዝግጅታችን የሚናገረው ስለ እንዲህ ያሉት የላስታ መንገዶች ነው። በቅዱስ ላሊበላ ስም ስለሚጠሩት፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገቡት 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በየቋንቋው ብዙ ተጽፏል። ምእመናንን ለዘመናት ወደ እነርሱ ስላደረሰው ፍኖት የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። እኛም እነዚህን አድባራት ከሚያገናኛቸው መንገድ ነጥሎ ለመጠበቅ መሞከር፣ ሥዕሉን ከሰሌዳው ፍቆ እንደ ማንሣት ያለ ሥራ መስሎ ይታየናል።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ጸጥተኛ መንገድ በብዙ ወጪ ይዘጋጃል። በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኮረብታ በሚበዛበት በላይኛው ላንግዶክ፣ ከቤዳርዩ እስከ ማዛሜ የሚደርስ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር መስመር ነበር። ባቡሩ ከቀረ በኋላ ሐዲዱ ተነቅሎ፣ ድልድዩና ዋሻው ግን እንዳለ ተጠብቆ፣ መኪና እንዳይገባበት ተከልክሎ ለብስክሌተኛና ለእግረኛ ተሰጠ። ስለዚህም ዛሬ መንገደኛው የሞተር ጩኸት ሳይሰማ፣ የኋላውንም የፊቱንም ሳይሰጋ፣ ከመንደር ወደ መንደር በእርጋታ ይሄዳል። የእኛይቱ አዲስ አበባም ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በተወሰኑ እሑዶች ጎዳናዎቿን ለተሽከርካሪ እየዘጋች፣ ሕፃናት በብስክሌትና በሩጫ እንዲደሰቱባቸው አድርጋለች። በላስታ ግን መንገዱን መዝጋትም፣ ሐዲድ መንቀልም አላስፈለገም፤ ፍኖቱ ከጥንት ጀምሮ ሳይቋረጥ እየተረገጠ እዚህ ደርሷልና።

(የተሳላሚዎች ድምፅ፤ የመቋሚያ ኳኳታ)

ተራኪ፦ የዚህ ፍኖት ባለቤት ማን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚወድ ሰው በታኅሣሥ ወር ይምጣ። ከዋግ፣ ከራያ፣ ከበጌምድርና ከጎጃም የሚነሡት ተሳላሚዎች፣ በሶና ዳቦ ቆሏቸውን ቋጥረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሽማግሌው በምርኩዝ፣ እናት ልጇን አዝላ፣ ቀናትን አንዳንዶችም ሳምንታትን ተጉዘው ለልደት በዓል ይደርሳሉ። የከተማውም ሰው ውኃ አቅርቦ፣ ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ያጥባቸዋል፤ ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ ለደቀ መዛሙርቱ ያደረገውን የሚከተል ሥርዐት ነው። ከሩቅ የመጣው ሽማግሌ «ተው ልጄ፣ አይገባም» እያለ እግሩን ሲሰበስብ፣ ወጣቱ «ይተዉ አባቴ፣ በረከቱ ለእኔ ነው» እያለ አቧራውን ከተረከዙ ሲያለቅቅለት ያየ ሰው፣ ይህ ሥርዐት በእግር ከመምጣት ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ሆነ ይረዳል። በበዓሉ ዕለት፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከማሜ ጋራ ላይ ቆመው «ቤዛ ኵሉ» ሲያሸበሽቡ፣ ከታች የሚሰማው ሕዝብ አብዛኛው ይህን የመንገድ ድካም የቀመሰ ነው።

የሄደበት ግን ተሳላሚ ብቻ አልነበረም። ከአፋር ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው በሰቆጣ ገበያ በኩል ወደ ደጋው የሚሠራጨው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ለአውሮፓ ያስተዋወቀው እንዲህ ባለው ጉዞ ነው። ከላስታ በስተ ደቡብ ባለው በዋድላ ደጋ ደግሞ፣ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ታላቁን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ሠራዊቱ ዐለት እየፈለጠ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ፣ በጅጣ ወንዝ ገደል ላይ ለመንኰራኵር የሚሆን ጎዳና አወጡ። የሚያሳዝነውም፣ ጥቂት ቆይቶ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ያን አስፈሪ ገደል የተሻገረው በዚያው እርሳቸው በደከሙበት ጎዳና መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሰሜን እንመለስ፤ ከመንገዶቹ ሁሉ ልባችን የሚያደላው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ለሚወስደው ነውና። ዛሬ መኪና ወደ ስፍራው ያደርሳል። አሮጌው የበቅሎ መንገድ ግን የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ግርጌ ይዞ፣ ሸለቆውን ወርዶ ሸንተረሩን ወጥቶ፣ ረጅም የአንድ ቀን ጉዞ ካስኬደ በኋላ መንገደኛውን ወደ ጥድ ደን ያስገባዋል። ላስታ ዛፏ እጅግ የተመናመነ አገር ስለ ሆነች፣ በጠራራው ፀሓይ የዋለ መንገደኛ እነዚያ ያረጁ ጥዶች ጥላ ሥር ሲገባ የሚሰማው ዕረፍት ከጸሎት አይለይም። ከደኑ በላይ ባለው ሰፊ ዋሻ ውስጥ፣ ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠውና ካህንም የነበረው ይምርሐነ ክርስቶስ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቁሩ የእንጨት ማገርና ነጩ ልስን እየተፈራረቁ፣ ከጨለማው መካከል ብቅ ይላል። ከኋላው፣ በዋሻው ጥግ፣ በዚያ ስፍራ ለማረፍ የተመኙ የጥንት ምእመናን ዐፅም ተከማችቷል። ከዚያ ዐፅም ፊት የቆመ ሰው፣ እነዚያ ተሳላሚዎች ለመመለስ ሳያስቡ የመጡበትን መንገድ እርሱም ዛሬ መርገጡን ያስባል።

ከዚህ በላይ ያለው ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ራስ ነው። ገብሱ ካበቃ በኋላ አስታው፣ ከአስታው በላይ ጓሳውና ጅብራው ይቀበላል። ጭላዳው በመንጋ ሣር ሲነጭ፣ ዕድል የቀናው መንገደኛ ደግሞ በምድር ላይ ቍጥሩ እጅግ ያነሰውን ቀይ ቀበሮ ሊያይ ይችላል። 

(ነፋስ፤ የእረኛ ዋሽንት)

ተራኪ፦ የእነዚህ የእግር መንገዶች ጸጥታ ለገበሬውም እንጀራ ሊሆን እንደሚችል የላስታ ጎረቤት የሆነችው የመቄት ወረዳ አሳይታለች። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ በመቋት ማርያምና በዋጅላ ያሉ ገበሬዎች ማኅበር መሥርተው፣ በገደሉ አፋፍ ላይ እንደ ራሳቸው ቤት ያለ የሣር ክዳን ጎጆ ሠርተው፣ እንግዳን ከመንደር ወደ መንደር በእግር እየመሩ፣ ጓዙን በአህያ እየጫኑ፣ ምግቡን በየተራ እያዘጋጁ ማስተናገድ ጀመሩ። ገቢውም ለማኅበሩ ይውል ነበር፤ ሥራውም ወደ ላስታ መንደሮች ተስፋፋ። ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። በ2013 ዓ.ም. ክረምትም የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ደረሰ፤ ከዚያም በኋላ አገሩ ፈጽሞ ስላልተረጋጋ፣ በእንግዳ የሚተዳደረው አስጎብኚ፣ በቅሎ ነጂና ወጥ ቤት ከባድ ዓመታት አሳልፏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልንናገር ይገባናል። ምጥ የጠናባትን ወላድ በቃሬዛ ተሸክሞ ሌሊቱን ሙሉ ቁልቁለት ለወረደ ጎረቤት፣ የመኪና መንገድ አያስፈልግህም የሚል ሰው ፍርደ ገምድል ነው። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደው ጎዳናም፣ ወደየቀበሌው የሚጠረገውም ይሠራ፤ ይበርታ። ነገር ግን የማሽኑ ነጂ አዲሱን ጥርጊያ ሲያወጣ፣ ሌላ አቅጣጫ ሳይጠፋ በአሮጌው ፍኖት ላይ እየደረበ፣ የማረፊያውን ወይራ ገንድሶ፣ ተሳላሚ የሚጠጣውን ምንጭ በአፈር ሲደፍን፣ በአንድ ቀን የሚጠፋው የብዙ ትውልድ ሥራ ነው፤ ይህን ማስቀረት ደግሞ ይቻላል።

ስለዚህም የምናሳስበው፣ ከላሊበላ እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ እንዲሁም እስከ አሸተን፣ እስከ ናኵቶ ለአብና እስከ ገነተ ማርያም ያለው አሮጌው ፍኖት፣ ምንጩና መሻገሪያው፣ ዛፉና ማረፊያ ድንጋዩ ሳይቀር ተለክቶ፣ ወረዳውና ደብሩ በጋራ በሚይዙት መዝገብ እንዲሰፍር፣ መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስም ያን መዝገብ ሳያይ እንዳይጀምር ነው። እያንዳንዱን መጠምዘዣ በስም የሚያውቁት በቅሎ ነጂዎችና የየደብሩ ቄሰ ገበዞች ዛሬም በሕይወት አሉ። ክረምቱ አልፎ መሬቱ ከጠፈፈ፣ የገና ተሳላሚም ከመብዛቱ በፊት፣ በጥቅምትና በኅዳር ከእነርሱ ጋር ሄዶ መጻፍ ይቻላል።

(የበቅሎ ኮቴ፤ ማብቂያ)