ያውቁ ኖሯል? ፈተና ሲደርስ ባንዲራ የሚለብሱት ድቦች

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድዊን ላንድሲር በ1864 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን በሚገኘው ሮያል አካዳሚ ያሳየው ሥዕል «ሰው ያቅዳል፣ እግዚአብሔር ይወስናል» እንደሚባል ያውቁ ኖሯል? በበረዶ ግግር መካከል ሁለት የዋልታ ድቦች የመርከብ ስብርባሪ ላይ ሰፍረዋል። አንዱ ቀይ ባንዲራ በጥርሱ ይዘነጥላል፤ ሌላው አንገቱን ሽቅብ ቀና አድርጎ የሰው የጎድን አጥንት ያደቃል። አጠገባቸው ባለቤት የሌለው ቴሌስኮፕ ወድቋል።



አጥንቱ የማን እንደሆነ ለማንም አልጠፋም። ሰር ጆን ፍራንክሊን በ1845 ኤሬበስና ቴረር በተባሉ ሁለት መርከቦች፣ በሰሜን አሜሪካ አናት በኩል ወደ እስያ የሚያሻግረውን የባሕር መንገድ ፍለጋ ሄዱ። አብረዋቸው ከዘለቁት ሰዎች ጋር 129 ነበሩ፤ አንድም አልተመለሰም።

በ1854 ጆን ሬይ የተባለው ተጓዥ የአካባቢው ተወላጅ ከሆኑት ኢኑይቶች የሰማውን ይዞ መጣ፦ የተራቡት መርከበኞች የሞቱ ጓዶቻቸውን ሥጋ በልተዋል። ደራሲው ቻርልስ ዲክንስ የኢኑይቶቹን ቃል በጽሑፍ አጣጣለው። በ1990ዎቹ የተመረመሩት አጥንቶች ግን የቢላ ምልክት ተገኘባቸው። እንደኔ ከሆነ ላንድሲር ለአገሩ ሰው አዝኖለታል፤ ድብ በላቸው ማለት ይሻላል።

ሥዕሉን በ1881 በ6,615 ፓውንድ የገዛው በመድኃኒት ኪኒንና በቅባት ንግድ የከበረው ቶማስ ሆሎዌይ ነው። የተሰቀለውም እሱ ባቋቋመው የሴቶች ኮሌጅ፣ በሮያል ሆሎዌይ ነው። ሥዕሉ ያለበት አዳራሽ ለፈተናም ያገለግል ስለነበር ከድቦቹ ሥር የተቀመጠ ተማሪ ይወድቃል የሚል ወሬ ተዛመተ። በ1970ዎቹ አንድ ተማሪ «ካልተሸፈነ አልፈተንም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። የኮሌጁ ሰዎች ሸራውን የሚያክል ጨርቅ ቢፈልጉ ያገኙት ትልቅ የብሪታኒያ ባንዲራ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈተና በመጣ ቁጥር ድቦቹ ባንዲራ ይለብሳሉ። ባንዲራ የሚቀድ ድብ በባንዲራ መሸፈኑ ግን ላንድሲርን ራሱን ያስቀው ነበር።

እውነተኞቹ ድቦች የሚኖሩበት አርክቲክ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ ገደማ በፈጠነ ፍጥነት እየሞቀ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? የዋልታ ድብ አቆስጣን፣ ማለትም የባሕር ውሻን፣ የሚያድነው በባሕር በረዶ ላይ ቆሞ ነው፤ በረዶው ቶሎ ሲቀልጥ የማደኛው ወራት ያጥራል። ካናዳ፣ ዴንማርክ፣ ኖርዌይ፣ አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት በ1973 ኦስሎ ላይ የድቡን አደን ለመገደብ ተፈራርመዋል። ያኔ የተፈራው ጠመንጃ ነበር። በላንድሲር ሸራ ላይ አሸናፊው ድብ ነው፤ ዛሬ ቢሣል ኖሮ የሚከሳው እሱ ነበር።

የፍራንክሊን መርከቦችስ? ኤሬበስ በ2014፣ ቴረር በ2016 ባሕር ወለል ላይ ተገኙ። ለሁለተኛዋ ጥቆማ የሰጠው የኢኑይት ተወላጅ ነው፤ ቀድሞ የኢኑይቶቹን ቃል ያመነ ቢኖር ፍለጋው ይህን ያህል ባልረዘመ።

ቴረር በተገኘችበት ሰሞን ክሪስታል ሴሬኒቲ የተባለችው ቅንጡ መርከብ ወደ 1,000 የሚጠጉ ቱሪስቶችን አሳፍራ፣ ፍራንክሊን የሞቱለትን መተላለፊያ አቋርጣ፣ ከአላስካ ኒውዮርክ ገባች። ጉዞው 32 ቀን ፈጀ።