ማክ የቢሮውን ኔትወርክ አላይ ሲል

ከባህር ዳር በመራዊ አልፎ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ዱርቤቴ ራውተር፣ ፕሪንተርና ካሜራ ያለው አንድ ቢሮ እናስብ። የቢሮው ባለሙያ በማክ ኮምፒውተሩ የጫነው የኔትወርክ መከታተያ በድንገት ሁሉም ዕቃዎች እንደጠፉ ያሳያል። ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል፤ ፕሪንተሩም ከሌሎች ኮምፒውተሮች ሲታዘዝ ያትማል።

ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት እዚህ ላይ አይረዳም፤ ምክንያቱ ማኩ ላይ ያለ ፈቃድ ሊሆን ይችላልና።

አፕል ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በማክኦኤስ ሴኮያ፣ መተግበሪያዎች በአካባቢው ኔትወርክ ካሉ ዕቃዎች ጋር ለመገናኘት የተጠቃሚውን ፈቃድ እንዲጠይቁ አድርጓል። አይፎን ላይ ይህ አሠራር በ2013 ዓ.ም. ነበር የገባው። ፈቃዱ ተገቢ ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ የተገናኙት ዕቃዎች ዝርዝር ስለ ባለቤቱ ብዙ ይናገራልና።

ችግሩን መለየት ቀላል ነው። ባለሙያው ተርሚናል ከፍቶ የራውተሩን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.1ን፣ ፒንግ ያድርግ። ከተርሚናል የሚሄዱ ትእዛዞች ፈቃድ ስለማይጠየቁ፣ ራውተሩ መልሶ መተግበሪያው ብቻ «መንገድ የለም» ካለ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ፈቃዱ ነው።

መፍትሔው ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ሥር፣ ሎካል ኔትወርክ የሚለው ገጽ ላይ ይገኛል። አስቸጋሪው፣ እዚያ ያለው የመተግበሪያው ማብሪያ በርቶ እያለም አንዳንዴ ፈቃዱ አለመሥራቱ ነው። ያኔ ማብሪያውን አጥፍቶ ማብራት፣ ካልሆነም ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። መተግበሪያው በዝርዝሩ ከሌለ በእጅ መጨመር አይቻልም፤ ከፍቶ ኔትወርኩን እንዲፈልግ ማድረግ ያሻል። የመተግበሪያው ያረጁ ቅጂዎች ካሉም ይሰረዙ።

ቴክኒሺያን ከመጥራትዎ በፊት ይህን ገጽ ይመልከቱ፤ ለዚህ ችግር ሲሉ ፋየርዎሉን ግን አያጥፉ።