ሰብሳቢዋ የማትከፍተው መዝገብ

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ከተማ ወይም በዙሪያዋ ባሉት የስደተኛ ሰፈሮች የምትኖር ኢትዮጵያዊት ባሏ ሲመታት መጀመሪያ የምትሮጠው ወደ ፖሊስ አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ ስለ ድብደባው ከመናገሯ በፊት የመኖሪያ ወረቀቷን ልትጠየቅ ትችላለች፤ ወረቀት የሌላት ደግሞ ሱዳን የኖረ ሐበሻ "ከሻ" የሚለውን አፈሳ ታስባለች። ስለዚህ ጎረቤት ዘንድ ትገባለች፤ ወይም ገበያ ዳር ሻይ ወደምትሸጥ የአገሯ ልጅ ትሄዳለች፤ ወይም ሽማግሌ ይጠራላታል። ከእነዚያ ጎረቤቶችና ሻይ ሻጮች ጥቂቶቹ "እስቲ ተሰባስበን እንርዳቸው" ሲሉ ማኅበር ይወለዳል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። ደብተር ይገዛል።

ጣጣው የሚጀምረው ከደብተሩ ነው።

አካባቢው ለስደተኛ አዲስ አይደለም። የኡም ራኩባ የስደተኛ ሰፈር በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ረሃብ ያፈናቀላቸውን ኢትዮጵያውያን አስጠልሎ በ2000 ተዘጋ፤ በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲነሣ እንደገና ተከፈተ። በጥር 2021 የቱናይድባህ ሰፈር ተጨመረ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ከምዕራብ ጎንደር አቅጣጫ የተሰደዱ ቅማንቶች ድንበሩን ተሻገሩ። ከዚያ በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ በራሷ በሱዳን ፈነዳ። በታኅሣሥ 2023 ዋድ መዳኒ፣ በሰኔ 2024 ማብቂያ ሲንጃ ሲያዙ ሕዝቡ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። ስደተኛውም ተፈናቃዩም አንድ ገበያና አንድ ሆስፒታል ይጋሩ ጀመር። የውጭ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ሲያሸሹ እዚያው የቀረው የሰፈሩ ሰው ነው። በመላ ሱዳን ሾርባ ያበሰሉትና ቁስለኛ ያመላለሱት "የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሎች" የተባሉት የበጎ ፈቃደኞች ስብስቦች በ2025 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራቸው ነበር።

የተጎዱ ሴቶችን የሚረዳ የሰፈር ማኅበር መሪዋ ማን ትሁን ሲባል ሰው ቶሎ የሚያነሣው ደግነትና ድፍረት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ዋናው መለኪያ ግን ሌላ ነው፤ መሪዋ ምን እንዳታውቅ ተስማምታለች? በዚህ ወር ስንት ሴት መጣች፣ ስንቷ ሐኪም ቤት ተላከች፣ ስንቷ ማደሪያ አጣች የሚለውን ሰብሳቢዋና ኮሚቴዋ ማወቅ አለባቸው። የመጣችው ማን እንደሆነች ግን ማወቅ የለባቸውም። ገዳሪፍ ያለው ሐበሻ ተዛምዶና ተዋውቆ የሚኖር ነው፤ የሰብሳቢዋ ወንድም ከባልየው ጋር አንድ ዕቁብ ሊጥል ይችላል። የመጣችውን ሴት ስም ያየች ሰብሳቢ በቅን ልቡና "ላስታርቃችሁ" ብላ ባልየው ዘንድ ከሄደች፣ ያቺ ሴት ሌሊቱን እንዴት እንደምታድር መገመት አያቅትም።

ለዚህ የሚሆን አሠራር ቀድሞ ተዘጋጅቷል። የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ፣ የስደተኞች ኮሚሽኑና ዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ኮሚቴ ከ2006 ጀምሮ በጋራ ባበጁት የጾታ ጥቃት መረጃ አያያዝ ሥርዓት፣ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው በስም ፋንታ የምስጢር ቁጥር ነው። የፈቃድ ወረቀቱ ለብቻው በሌላ ቦታ ይቆለፋል። ጥቃት ከመጣ ሰነዱን ማን ይዞ እንደሚወጣ፣ ካልሆነም ማን እንደሚያቃጥለው ቀድሞ ይወሰናል። መዝገብ ለማቃጠል መዘጋጀት ላልለመደው ጆሮ ይከብዳል፤ ሲንጃ ስትያዝ ለሸሸ ሰው ግን አያስገርመውም።

ሽማግሌዎቹስ? ይህ ነገር መሸፋፈን የለበትም። በብድር፣ በድንበር፣ በደም ሳይቀር ሽምግልና ስንቱን ከእስርና ከበቀል አድኗል። በባልና ሚስት ድብደባ ግን ሽማግሌው የሚያስበው ቤቱ እንዳይፈርስ ነው፤ ሴትየዋ የምታስበው በሕይወት ለማደር ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አይገናኙም። በዚህ ሙያ የቆዩ ድርጅቶች የእርቅ ሥራ ውስጥ የማይገቡትም ለዚሁ ነው። ሽማግሌ ከማኅበሩ ይገለል ማለት ግን አይደለም፤ የተቆጣ ባል በር ሲደበድብ ከውጭ ቆሞ "ተመለስ ልጄ" የሚል የተከበረ ሰው ከማንም ዘበኛ ይበልጣል። በሩ ላይ ይቁም፤ መዝገቡን ግን አይንካ።

አዲስ አበባ ላይ የታየው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። የኢትዮጵያ ሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷና የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር የቀድሞዋ ዳኛ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። በ1996 ለሚስትነት ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የ14 ዓመት ልጅ በፍርድ ቤት ነፃ የወጣችው ማኅበሩ ጠበቃ ቆሞላት ነው። በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የማኅበሩ ጉትጎታ አለበት። በ2001 ማኅበሩ ስለ አንዲት ተደጋጋሚ ጥቃት የደረሰባት ሴት ፍትሕ ሚኒስቴርን በአደባባይ ወቀሰ። ሚኒስቴሩ ማኅበሩን አገደ፤ የባንክ ሒሳቡም ተዘጋ። ከሳምንታት በኋላ ሚኒስትሩ ተለውጠው እገዳው ተነሣ። የአንዲት ሴት ብቻ የሆነ ድርጅት ቢሆን ኖሮ እነዚያን ሳምንታት መሻገሩ ያጠራጥር ነበር። አባላት፣ ጠቅላላ ጉባኤና ቦርድ ስላሉት ግን ዳይሬክተሯን ማስፈራራት ብቻውን ማኅበሩን ዝም አያሰኘውም።

ከባዱ ፈተና የመጣው በ2009 ነው። አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። ያኔ የቦርድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወይ "መብት" የሚለውን ከመተዳደሪያ ደንቡ ፍቆ ገንዘቡን ማትረፍ፣ ወይ ዓላማውን ይዞ መደህየት። ብዙዎች የመጀመሪያውን መረጡ፤ ሠራተኛ የሚያስተዳድር ሰው በዚህ አይፈረድበትም። የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ሁለተኛውን መረጠ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2012 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው ማኅበሩ 70 በመቶ ያህሉን ሠራተኛ አሰናብቷል። ሕጉ በአዋጅ 1113 የተተካው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2019 ነው። በእነዚያ ዓመታት የነፃ ጥብቅና ያጡት ሴቶች የውሳኔው አካል ናቸው፤ ውሳኔው ልክ ነበር የሚል ሰው እነሱንም አብሮ መቁጠር አለበት።

በ2003 በማሪያ ሙኒር የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ፤ መጠለያ፣ ምክርና የሙያ ሥልጠና። መሥራቿ እሳቸውም ዳኛ ነበሩ። በመጠለያ ሥራ አድራሻው ራሱ ምስጢር ነው። ገንዘብ የሰጠ እንግዳ ሁሉ "ቤቱን እንየው፣ ፎቶ እናንሣ" ሲል እምቢ ማለት የሥራ አስኪያጇ ብቻ ሸክም መሆን የለበትም፤ ቦርዱ አስቀድሞ በጽሑፍ መከልከል አለበት። ታሪክም እንደ አድራሻ ባለቤት አለው። የዚያች የተጠለፈች ልጅ ታሪክ "ድፍረት" በሚል ፊልም ሆኖ በመስከረም 2014 አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ትዕይንቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆሟል፤ ባለታሪኳ ፈቃዴን አልተጠየቅሁም ብላ ነበር። ዓለም ያጨበጨበለት ፊልም ነው። ጥያቄዋ ግን ጭብጨባው የሚመልሰው አልነበረም።

ሱዳን የራሷ ምሳሌዎች አሏት። ካርቱም ላይ የሻይና የምግብ ሻጭ ሴቶችን ኅብረት ያቋቋመችው አዋድያ ማህሙድ ኮኮ፣ ከእሷ ቁጥጥር ውጭ በከሸፈ ኢንቨስትመንት ዕዳ የተነሣ አራት ዓመት ታስራለች። ወጥታ ኅብረቱን እንደገና አደራጀች፤ በ2016 የአሜሪካ መንግሥት ዓለም አቀፍ የጀግና ሴቶች ሽልማት ተሰጣት። ለጀግንነቷ ይጨበጨብላታል፤ ለሰፈር ማኅበር ግን ሽልማቱን ከማድነቅ ይልቅ ዕዳው ላይ ማን ፈረመ ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ፋሂማ ሐሺም የመሩት ሳልማህ የሴቶች መረጃ ማዕከል ደግሞ በሰኔ 2014 ምዝገባው ተሰርዞ ንብረቱ በመንግሥት ተወሰደ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ከወንበርና ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የሚሄደው ወረቀት ነው።

ሐበሻው ከፈለገ የማኅበሩን ደንብ ከእድር መቅዳት ይችላል። እድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ ለያይቶ ያውቃል፤ ገንዘብ በአንድ ሰው ፊርማ አይወጣም፤ ሒሳብ በጉባኤ ፊት ይነበባል። እድር የሌለው አንድ ነገር አለ፤ በሰብሳቢዋ ላይ አቤቱታ ሲነሣ ማን ይሰማል የሚለው። ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በ2002 በምዕራብ አፍሪካ የስደተኛ ሰፈሮች ዕርዳታ አዳዮች ራሽን በወሲብ እንደሚለውጡ ሲጋለጥ፣ የተባበሩት መንግሥታት በ2003 ጥብቅ የሥነ ምግባር መመሪያ አውጥቷል። ሳሙና፣ ብርድ ልብስና የስም ዝርዝር በእጁ ያለ ሰው ሴትም ቢሆን ሥልጣን አለው። ስለዚህ የአቤቱታ ሰሚው ስልክ ከሰብሳቢዋ ስልክ የተለየ ይሁን፤ የዘመዷ ጉዳይ የመጣባት የኮሚቴ አባል ከስብሰባው ትውጣ፤ የሥልጣን ዘመን ይገደብ። ለንደን ውስጥ በ1971 ስመ ጥሩውን የቺዝዊክ መጠለያ የከፈተችው ኤሪን ፒዚ እንኳ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከብሔራዊው የመጠለያዎች ፌዴሬሽን ጋር ተጣልታ ተለያይታለች፤ መሥራችነትና መሪነት አንድ ሲሆኑ ጠቡ የትም አገር ይመጣል።

ድንበሩ ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። ሱዳን የቤት ውስጥ ጥቃትን ለብቻው የሚመለከት ሕግ የላትም። ለዓመታት የተደበደበ ሰው ከፖሊስ "ፎርም 8" ሳይዝ ሆስፒታል አይታከምም ነበር፤ በ2004 የወጣ መመሪያ ቢያላላውም ልማዱ ቶሎ አልለቀቀም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን በስሙ ይጠራዋል። ከሱዳኗ ገላባት ወደ ኢትዮጵያዋ መተማ ዮሐንስ የተሻገረች ሴት የተሻለ ሕግ ታገኛለች፤ ማስረጃዋ ግን በዐረብኛ የተጻፈ የሐኪም ወረቀት ነው፣ አስተርጓሚዋም ብዙ ጊዜ አብሯት የተሰደደ ጎረቤት። አሁን ደግሞ መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ነው፤ ከ2023 ወዲህ ሱዳናውያን ሴቶች በኩመርና በአውላላ፣ ኋላም በአፍጢት የስደተኛ ሰፈሮች ተጠልለዋል። መተማ ላይ እነሱን የሚቀበል የሴቶች ኮሚቴ ዐረብኛ የምትችል ጸሐፊ ሲፈልግ፣ ያቺ ጸሐፊ የማን ዘመድ እንደሆነች መጠየቅ ይኖርበታል።