ምስክር የሌለው ሸክላ

አሮጌ ዕቃ የመገመትና የመመዝገብ ሥራ ላይ ያለ ሰው በየቀኑ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ያወጣል?» ባለቤቱ የአባቱን የዘፈን ሸክላ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይምጣ፣ ከአያቱ የወረሰውን ብራና በነጠላ ሸፍኖ ይምጣ፣ ጥያቄው አይለወጥም። ዕድሜው ይታያል፣ ብርቅነቱ ይታያል፣ ንጽሕናው ይታያል፤ ሚዛኑን የሚደፋው ግን ከሦስቱም ሌላ ነው። ያ ነገር በጋይንቷ ደብር በቤተ ልሔም ከጥንት ጀምሮ ስም አለው፤ ምስክር ይባላል። የባንድና የዘፋኝ ቅርስ የሚሰበስቡ ሰዎች፣ የሮክ ጊታር የሚያሳድደው አሜሪካዊም ሆነ የዋልያስ ባንድን ሸክላ የሚፈልገው የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሳያውቁት የሚመዝኑት በቤተ ልሔም ሚዛን ነው ባይ ነኝ። የሚከስሩትም ከዚያ ሚዛን ሲርቁ ነው።

ቤተ ልሔም የድጓ፣ የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ ናት። ቅኔ ሲነሣ ዋሸራና ጎንጅ፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሲነሣ እዚያው ጋይንት ያለችው ዙር አባ፣ አቋቋም ሲነሣ ጎንደር በአታ እንደሚጠሩት ሁሉ፣ ድጓ ሲነሣ የምትጠራው እሷ ናት። የቆማ፣ የአጫብርና የተጉለት ስልት የየራሳቸው ክብር አላቸው፤ በሰፊው የተዘረጋው ግን የቤተ ልሔም ዜማ ነው። ተማሪው ዓመታት ፈጅቶ የተማረውን እዚያ ሄዶ በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል። በልማዱም ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል። የድጓ ገጽ ጠጋ ብሎ ላየው በአንድ ብራና ላይ ሁለት መጽሐፍ ነው፤ ከታች የቃሉ መስመር፣ ከቃሉ አናት ላይ ደግሞ በመቃ ጫፍ የተጣሉ ደቃቅ ምልክቶች፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ትውፊቱ እነዚህን ምልክቶች በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ድፋት በሚገባበት ቅናት የገባበት ድጓ ሐረጉ ምንም ቢያምር፣ ብራናው ምንም ቢነጣ፣ መሪጌታው ፊት ሲቀርብ ገና ያልታረመ መጽሐፍ ነው። መታረሙ የሚታወቀው አስቀድሞ ከታረመው ጋር ሲገጠም ነው። ሰውየውም እንደ መጽሐፉ ነው፤ ድምፁ ማማሩ ብቻውን አያስመሰክርለትም።

ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ የዚህ ምሳሌ ነው። ከውጭ ላየው እንደማንኛውም የገጠር ደብር ክብና የሣር ክዳን ያለው ነበር፤ ውስጡ ግን በተጠረበ ድንጋይ የተሠራ፣ ባለ አራት ማዕዘን የጥንት ሕንፃ ይዟል። ቶማስ ፓከናም የተባለው ተጓዥ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደርሶ ስለ ሕንፃው ሲጽፍ «ተገኘ» ተባለ። የአገሩ ሰው እንግዲህ ያልተገኘ ቤት ውስጥ ሲያስቀድስ ኖሯል ማለት ነው! ለእኛ ሥራ ግን ቁም ነገር አለው፤ ክዳኑን ብቻ አይቶ የገመተ ሰው ግምቱ ከንቱ በሆነ ነበር።

ወደ ሸክላው እንምጣ። ሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀው መለኪያ «ጎልድማይን» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ያስለመደው የደረጃ ስያሜ ነው፤ ያልተነካው «ሚንት» ተብሎ ከላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ በጭረቱ ልክ እየወረደ መጨረሻው መጣያ አፋፍ ላይ ይደርሳል። ደረጃው ከታወቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ዲስኮግስ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ያ ሸክላ ከዚህ በፊት በስንት እንደተሸጠ ይታያል፤ አለቀ። አንድ ዓይነት የሆኑ አሥር ሺህ ቅጂዎች ላሉት ሸክላ ይህ በቂ ነው፤ እንዲያውም ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ችግሩ የሚመጣው ይህን የገበያ መስፈርት ለሁሉም ዕቃ ሲዘረጉት ነው። ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ ለሸክላ ነጋዴ ጭረት ጉዳት ነው፣ ለድጓ መምህር ጭረት ምልክት ነው። አንዱ ዋጋ የሚቀንስበትን ሌላው ያነብበታል።

የሮክ ሰብሳቢዎች ገበያ ይህን ከማንም በላይ ያረጋግጣል። ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡት ነጭ ሽፋን ያለው አልበም በሚሊዮኖች የተሸጠ ነው፤ ብርቅ የሚባል አይደለም። ሽፋኑ ላይ ተራ ቁጥር ነበረው። 0000001 የሚለው ቁጥር ያለበት፣ ከበሮ መቺው ሪንጎ ስታር ዘንድ የኖረው ቅጂ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 በጨረታ 790,000 ዶላር አወጣ። ሸክላውም ዘፈኑም ያው ነው፤ የተጨመረው ቁጥሩና በማን እጅ እንደነበረ ብቻ ነው። የኒርቫና ባንዱ ዘፋኝ የከርት ኮቤይን ሹራብ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1993 ኒርቫና ለኤምቲቪ ሲጫወት የለበሰው አረንጓዴ ሹራብ ነው፤ የሲጋራ ፍም ያቃጠለው ቀዳዳ አለው፣ ታጥቦም አያውቅም። በጨርቅ ነጋዴ ዓይን ቡትቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በ334,000 ዶላር ተሸጠ። አንድ ሰው አዝኖለት በሳሙና ቢያጥበው ኖሮ አብዛኛው ገንዘብ ከእድፉ ጋር በወረደ ነበር፤ እድፉና ቀዳዳው ናቸውና ሹራቡ ያ ሹራብ መሆኑን የሚመሰክሩት። በዚያው ዝግጅት የተጫወተበት ማርቲን የተባለው ጊታር በዓመቱ 6 ሚሊዮን ዶላር አልፏል።

የእኛው ታሪክ ገንዘቡ ያንሳል እንጂ ነገሩ ያው ነው። አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ የመጀመሪያውም የዘፋኙ የዓለማየሁ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። ከነዚህ አንዱን፣ ባለ 45 ዙሩን ትንሹን፣ አንሥተው ይመልከቱ። መሀሉ ላይ ያለው ክብ ወረቀት የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም ይሰጣል። በቀዳዳው ዙሪያ ማጫወቻው ላይ ሲያስቀምጡ የእንዝርቱ ጫፍ የፋቀው የሸረሪት ድር የመሰለ መስመር አለ፤ ብዙ መስመር ካለ ብዙ ተጨፍሮበታል። ከዘፈኑ ማብቂያና ከወረቀቱ መካከል ባለው ባዶ ቦታ በመርፌ የተጻፈ የሚመስል ቁጥር አለ፤ የየትኛው ህትመት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ሳክስፎኑን ማን ነፋው? ሙዚቃውን ማን አቀናበረው? ይህን ግን ወረቀቱ ብዙ ጊዜ አይመልስም። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ አባላት ስማቸው ሳይጻፍ ትንፋሻቸው ብቻ የቀረበት ሸክላ ብዙ ነው።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እነዚህን ዘፈኖች በሲዲ ሲያወጣ፣ ከያንዳንዱ ጋር ማን እንደተጫወተ፣ መቼና የት እንደተቀዳ የሚያወሳ ትንሽ መጽሐፍ ጨመረበት። እንግዲህ ቀላሉ ሒሳብ ዘፈኑ በሲዲ ከተገኘ የዋናው ሸክላ ዋጋ መውደቅ አለበት የሚል ነው። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ሰብሳቢው የሚፈልገውን በስሙ መጥራት ቻለና ሸክላው ተወደደ። የሙዚቀኛውን የኃይሉ መርጊያን ነገር ልጨምር። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ አንድ ካሴት ሠራ፤ በኋላም ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ ያገኘው ብሪያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ነው። በሽፋኑ ላይ የነበረውን ስም ተከትሎ ባለቤቱ ድረስ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ስሙ የተፋቀ ካሴት ቢሆን ኖሮ ያው ዜማ አለ፤ መንገዱ ግን የለም።

«ዋጋ ማለት ገዢ የከፈለው ነው፤ ሌላው ወሬ ነው» የሚለኝ ነጋዴ አለ። ክፉ ክርክር አይደለም። ዛሬ ለሚሸጥ ሰው እውነቱ ይኸው ነው፤ እኔም ለእሱ የምጽፍለት ግምት የዛሬውን ገበያ የተከተለ ነው። ነገር ግን ያው ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት አመጣኸው?» ብሎ ነው። ሲገዛ ምስክር ፈልጎ ሲሸጥ ምስክር ወሬ ነው ማለት አይሆንም። ደግሞም ፋሽን ያነሣው ዋጋ ፋሽኑ ሲያልፍ ይወርዳል። የጂም ጃርሙሽ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2005 የሙላቱ አስታጥቄን ዜማ ዓለም ጆሮ ላይ ሲያደርስ ፈላጊው በዛ፤ ፈላጊው ሲበዛ ደግሞ ቅጂው ከዋናው ጋር ተደባልቆ መጣ። ያን ጊዜ ዋጋውን ጠብቆ የሚቆየው የትኛው ህትመት እንደሆነ፣ ከማን እንደተገዛ የሚታወቀው ብቻ ነው።

ይበልጥ የሚከብደኝ ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፤ ምስክርም ይፈበረካል። ፊርማ ይኮረጃል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ «ይህ የጥላሁን ገሠሠ ነበረ» ለማለት አፍ ብቻ ይበቃል። እውነት ነው፤ የወረቀት ማረጋገጫ ብቻ ይዞ የሚመጣ ዕቃ እኔንም ያጠራጥረኛል። ቤተ ልሔም የምታስተምረው ግን ምስክር ወረቀት ብቻ አለመሆኑን ነው። እዚያ መምህሩም ከማን እንደተማረ ይታወቃል፤ ሰንሰለቱ ከሰው ወደ ሰው ይቆጠራል። ከዚያም ነገሩ ራሱ ከታረመው ጋር ይገጠማል፤ ዜማው ዘንበል ካለ ሰንሰለቱ አያድነውም። የእኛም ሥራ በሁለቱ ላይ መቆም አለበት። የጊታሩን የእንጨት ጅማት ከዘመኑ ፎቶግራፍ ጋር እናስተያያለን፤ የሸክላውን ቁጥርና የወረቀቱን ቀለም አስቀድሞ ከተረጋገጠው ጋር እንገጥማለን፤ የቀድሞ ባለቤቶችን ስም በተርታ እንጽፋለን። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግምቱ ላይ «አልተረጋገጠም» ብሎ መጻፍ ነው፤ ባለቤቱ ቢቆጣም።

የዳንኪራን ሸክላ ከቅዱስ ያሬድ ድጓ ጋር በአንድ ሚዛን ታስቀምጣለህ ወይ ለሚለኝ፣ አላስቀምጥም። ድጓ የሰብሳቢ ዕቃ አይደለም፤ ልዩነቱም እዚህ ጋ ይታያል። ሸክላ ከቤት ወጥቶ ከምስክሩ ጋር ቢዞር ዋጋው ሊያድግ ይችላል። ድጓ ግን ከደብሩ ሲወጣ ምስክሩ እዚያው ይቀራል፤ መምህሩ፣ ተማሪው፣ የሚታረምበት ሌላው ድጓ ሁሉ እዚያ ናቸውና። ውጭ አገር መደርደሪያ ላይ ዋጋው በዶላር ከፍ ይላል፤ መጽሐፉ ግን የሚያዜመው ሰው አጣ። የድሮ ጸሐፊዎች ይህን ስላወቁ ይመስለኛል መጽሐፉ የየትኛው ቤት እንደሆነ ጽፈው፣ በሰረቀውና በፋቀው ላይ ውግዘት ይጽፉ የነበረው። ስለዚህም ስሙ የተፋቀ ብራና ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው የተፋቀውን ቦታ ነው። ቅጂ ማስቀረት ሌላ ነገር ነው፤ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ9000 በላይ ብራናዎች በማይክሮ ፊልም ሲነሡ ብራናው ከየትኛው ደብር እንደሆነ አብሮ ተመዝግቧል። ስለ ሽያጩ ግን የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የደነገገው አለ፤ ዋጋ ለማስገመት የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ያን ይወቅ።

አንድ የማልሸሸው ነገር አለ። ምስክር ድምፅን አይተካም። ለሁለት የተሰነጠቀ ሸክላ ማንም ይዞት የነበረ ቢሆን አያዜምም፤ ውኃ የገባበት ድጓ ምልክቱ ካልተነበበ ማንም አይማርበትም። ምስክሩን ብቻ ወድዶ ዕቃውን ለምስጥና ለእርጥበት የሚተው ሰብሳቢም አለ፤ እሱም ቢሆን ከነጋዴው የተሻለ አልሠራም።

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ አንባቢ፣ አዲስ አበባና ዋሽንግተን ላለውም ልጁ፣ አንድ ልመና አለኝ። አልጋ ሥር የተቀመጠ የሸክላ ካርቶን ወይም የካሴት ሳጥን ካለዎት ወደ ገማች ይዘውት ከመሄድዎ በፊት አባትዎን ወይም እናትዎን ቁጭ አድርገው ይጠይቁ፤ ማን ገዛው? ከየትኛው ከተማ፣ በምን ዓመት? ባንዱን በዓይኑ ያየ ከቤተሰብ ማን ነበር? የሚሉዎትን በእርሳስ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉና ከሽፋኑ ውስጥ ይክተቱት። ሸክላው ላይ ግን አይጻፉ፤ እንዳያጥቡትም።